አንድ ወንድም፣ አራት በሽታ

ዲስክሬፓንሲ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ብሎካችን ያመጣችው ባለሱቋ ናት። የንግድ ፈቃድ ልታሳድስ ሄዳ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ወረቀቶቿን አገላብጦ «ማዘር፣ ይሄ ዲስክሬፓንሲ አለበት» ብሎ መለሰላት። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው ያንኑ ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። በሚኒባስ ሰልፍና በቢሮ ሰልፍ ግማሽ ቀኗን ጨርሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይዛ የተመለሰችው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ሱቋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ና እስቲ። ዲስክሬፓንሲ የሚባል በሽታ ታውቃለህ?»

«በሽታ አይደለም፣ እትዬ።»

«ተመስገን! ወረቀትሽ ላይ አለ ሲለኝ፣ ወደ ልጆቼ እንዳይተላለፍ ብዬ ቦርሳዬን ሳልከፍት ነው የመጣሁት።»

ስትቀልድ ፊቷ አይስቅም። የማያውቃት ሰው የምሯን ይመስለዋል፤ የሚያውቃትም አንዳንዴ ይሳሳታል።

ወረቀቶቿን አየኋቸው። የኪራይ ውሉ ሱቋን ምድር ቤት ያደርገዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ አንደኛ ፎቅ። ሱቁ ያው አንድ ሱቅ ነው፤ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም።

«ይኸውልሽ» አልኳት። «አንድ መሆን የነበረባቸው ሁለት ነገሮች አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው እንዲህ የሚባለው።»

«ልዩነት ነዋ።»

«ልዩነት አይደለም። ያንቺ ሱቅ ምድር ቤት፣ የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ መሆኑ ልዩነት ነው፤ ማንንም አይከፋውም። ያንቺው አንዱ ሱቅ እዚህም እዚያም ሲሆን ነው ነገሩ።»

«ታዲያ ከሁለቱ የዋሸው የቱ ነው?»

«ቃሉ እሱን አይናገርም። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም ይልና እዚያ ላይ ያቆማል። የቀረውን ሄዶ ማየት ነው።»

«ጨዋ ቃል ነው» አለች። «ሰው ሳይሰድብ ውሸታም ይላል።»

እኔ ከዚህ ቃል ጋር የኖርኩት ረጅም ጊዜ ነው። በእንግሊዝኛ በሚታተም ጋዜጣ ሥራ ስጀምር፣ አለቃችን በቀይ እስክሪብቶ ከጽሑፋችን ጎን የሚጽፈው ቃል እሱ ነበር። አንዱ አንቀጽ ላይ ተሰላፊዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል ብለህ፣ ወረድ ብለህ ከምሳ በኋላ መጡ ካልክ፣ ቃሉ ከጎኑ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። አለቃችን አይቆጣም፤ ማብራሪያም አይሰማም። ሄደህ ጠይቀህ ትመለሳለህ። በአማርኛ ለመተርጎም ብዙ ሞክሬያለሁ። «አለመጣጣም» እንዳልል ጫማና እግርም አይጣጣሙም። «መፋለስ» እንዳልል ያ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለበት ተውኩት። ጆሮዬ ግን ከዚያ ወዲህ ተበላሽቶ ቀረ። ሰው ሲያወራ የሚያወራውን ትቼ፣ ያወራቸው ነገሮች እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን ነው የማዳምጠው። ባለቤቴ «ሰርግ ቤት የማይወሰድ ጆሮ» ትለዋለች።

ቃሉ ከባለሱቋ ወጥቶ በብሎኩ ሲዛመት የሆነው ግን አበሳጨኝ። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አዲስ ቃል ሲያገኝ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ በጭቃም በደረቅም ያደርገዋል። ውሃ ሲጠፋ «የውሃ ዲስክሬፓንሲን ይመለከታል» የሚል ማስታወቂያ ደረጃው ላይ ለጠፈ። የቆሻሻ መኪና ሲዘገይ ዲስክሬፓንሲ። የደረጃው አምፖል ሲቃጠልም ያው።

«አምፖሉ ተቃጥሏል። ተቃጥሏል በላ!» አልኩት።

«ያው ነው እኮ። መብራት ነበረበት፣ አልበራም። አልተጣጣመም» አለኝ ረጋ ብሎ።

እንዲህ የተሳሳተ ሰው እንዲህ ሲረጋጋ ምን ይባላል? ጨለማውን ዳብሼ ቤቴ ገባሁ።

ባለሱቋ ግን ቃሉ ገብቷታል። መግባቱን ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ የአባቷን ነገር ስታጫውተኝ ነው። አባቷ አገር ቤት፣ ጉራጌ፣ ሲሞቱ እሷ እዚህ የመጨረሻ ልጇን አርግዛ ነበር። ዘመድ ተመካክሮ ደበቃት። ሲያረዷት አርባቸው ወጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ «አባቴ እንዴት ናቸው?» ስትል «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» ይሏታል።

«ሰላም ብለውሻል!» አለችኝ። «ከመቃብር ሰላምታ ሲልኩልኝ ከረሙ። እኔ ደግሞ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ካልሲ ላኩላቸው። ተቀብለው አመሰገኑ አሉኝ። ያንን ካልሲ ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

በዚያን ሰሞን አንደኛው ዘመድ አባትሽ እርሻ ወርደዋል ሲላት፣ ሌላው ዓይናቸውን አሟቸው ከቤት አይወጡም ብሏት እንደነበር አስታወሰች። «ያኔ ይሄን ቃል ባውቀው ኖሮ ተሳፍሬ እሄድ ነበር» አለች። ከዚያ ድምጿ ሳይቀየር ዋናውን ነገር ተናገረች።

«አሁን የቀረኝ ወንድሜ ነው። ያሳደገኝ፣ ከአገር ያመጣኝ፣ ይሄን ሱቅ ያስከፈተኝ እሱ ነው። ከቀደመኝ፣ አፈሩን ሳላለብሰው እንዳይቀብሩብኝ። አንተ የሰው ጉዳይ ፈልፍለህ የምታወጣ ሰው ነህ፤ ለእኔም አንድ ቀን አውጣልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

በሥራዬ ጠባይ «እሺ» የምለው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ያልኩትን አልረሳም።

ዓርብ ነበር፤ ቤት ሆኜ ጽሑፍ እየጨረስኩ ነው። ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። አቃቂ ጣቢያው አጠገብ ተወልደው፣ ባቡር ላይ ሠርተው፣ ከባቡር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚያስተዳድሩትም እንደ ባቡር ነው። በእሳቸው ዘመን ለቅሶ ቤት ድንኳን ዘግይቶ አያውቅም። ከኋላቸው ሰብሳቢው አለ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ ከባለሱቋ ጎን አትክልት የሚሸጠው ስልጤ ጎረቤታችን ቆሟል።

«የባለሱቋ ወንድም አርፏል» አሉ ዳኛው ገና ሳይቀመጡ። አቃቂ በሰቃ ጋራዥ ያለው የአጎቷ ልጅ ነው የደወለላቸው። ሰውየው ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈው። ቀብሩ ነገ፣ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው ነው።

«ነፍስ ይማር። መቼ ልንነግራት ነው?»

«ቀብሩ ይለፍ። እሁድ ንጋት ላይ ሽማግሌ ሆነን እናረዳታለን። ዘመዶቿ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ደም ግፊት አለባት።»

«ጋሼ፣ ይህች ሴት የአባቷን ቀብርም ያጣችው እንዲሁ ነው። የወንድሟን እንዳይነፍጓት በአፏ ነግራኛለች።»

«ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «መርዶ ዜና አይደለም። ሥርዓት አለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሚዛን ፊት ቆሞ ሰው አይረዳም። ብትወድቅ ማን ይጠየቃል? አንተ ትጠየቃለህ?»

ከባድ ጥያቄ ነበር። ሳስብበት የተስማማሁ መሰላቸው።

«እስከዚያ» አሉ ቀጥለው «ሰዉ ጠቆም ጠቆም ያድርጋት። ታሟል እያላችሁ። ልቧ ይልመድ።»

«ምን ታሞ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በሽታው ምንድን ነው የምንለው? ሆዱን? ራሱን? የትስ ነው የተኛው?»

«አንተ ደግሞ! ታሟል ማለት ታሟል ነው።»

«ጋሼ፣ ካልተነጋገርን ሁሉም የየራሱን ይላል።»

ሰብሳቢው ሳቀ። «ጋዜጣዊ መግለጫ ልንሰጥ ነው እንዴ? ሰው ታሟል ሲባል ዝርዝር አይጠየቅም።»

«እህት ዝርዝር ትጠይቃለች» አልኩት።

ስልጤው አንገቱን ነቀነቀ፤ ግን ዳኛው ተነሥተው ነበርና እሱም ተከትሎ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚያደክመኝ ይሄ ነው። ትልቁን ውሳኔ በደቂቃ ይወስኑታል፤ ትንሿን ዝርዝር ግን መናቅ የትልቅነት ምልክት ይመስላቸዋል። ኋላ ነገሩ የሚፈርሰው በዚያችው በትንሿ ነው።

የሰማሁትን ሳላጣራ አልንቀሳቀስም። የአጎቷን ልጅ ደወልኩለት። ሁሉንም አረጋገጠልኝ፤ ሰዓቱንም፣ ቦታውንም። እሷን ይደብቋት ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ስጠይቀው «ዘመድ» አለኝ። ዘመድ ማለት ማን ነው ስለው «ሁላችንም» አለ። በሥራዬ ብዙ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ «ሁላችንም» የተባለው ምንጭ ግን አንድም ቀን ቀጠሮ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዘመዷ አይደለሁም። ደም ግፊቷም እውነት ነው፤ ኪኒኗን ጠዋት ጠዋት በሻይ ስትውጥ አያታለሁ። በሌላ በኩል «እሺ» ብያለሁ። እንዲህ እያመዛዘንኩ ሳለ፣ ዳኛው ሲናገሩ ከጓዳ የሰማችው ባለቤቴ ስኳር ገዝታ፣ በዚያው ጎረቤት ጋ ቡና ጠጥታ ገባች።

«ጠቆም አደረግኳት» አለችኝ ነጠላዋን እያወለቀች።

«ምን ብለሽ?»

«ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቷል። ማር በሎሚ እየጠጣ ነው አልኩ።»

«ማር በሎሚውን ከየት አመጣሽው?»

«ቀለል እንዲል ነዋ! ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ሌሎቹ ምን እንዳሏት ጠይቀሻል?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? አንተ ሰው፣ አሁን ይሄ የጋዜጣ ነገር ነው?»

ጫማዬን አድርጌ ወረድኩ።

ባለሱቋ ከሚዛኑ ጀርባ ቆማለች፤ ስልኳ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ገና ስታየኝ «ግባ፣ ተቀመጥ» ብላ የለስላሳ ሳጥኑን በእግሯ ገፋችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ከወንድሜ ጋር ዓርብ ዓርብ እንደዋወላለን» አለች። «ዛሬ ጠዋት ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ዘመዶቼ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም ይሉኛል፤ ጥርት ባለ ድምፅ! ምሳ ከበላሁ በኋላ ጎረቤቴ መጣ» በአገጯ ወደ አትክልት ቤቱ ጠቆመች፤ «ወንድምሽን ሆዱን አሞት ሆስፒታል ገብቷል አለኝ። ደነገጥኩ። ቢሆንም ሆድ ነው፣ ይድናል አልኩ። ወዲያው ሚስትህ መጣች። ጉንፋን ነው፣ ቤቱ ተኝቶ ማር በሎሚ እየጠጣ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ከሆስፒታል አስወጡት ማለት ነው ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰብሳቢያችን። ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነው አለኝ። እኔ የምልህ፣ ሎሚ እየጠጣ የተኛውን ሰው ሞተር ላይ ማን አወጣው? ወንድሜ እኮ ሽማግሌ ነው። ሞተር ሲመጣ ካየ ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚያሳልፍ ሰው ነው።»

ድምጿ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አልሳቀችም።

«መጨረሻ ላይ ዳኛው ራሳቸው መጡ። ሻይ ቅጠል ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ አልሄዱም። ወንድምሽ ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም፣ አትጨነቂ አሉኝ። ሻይ ቅጠሉን እዚሁ ረስተውት ሄዱ።»

ሻይ ቅጠሉ እውነትም ሚዛኑ ላይ ነበር።

እዚያ ቆሜ ለተሰማኝ ነገር ስም ልስጠው ብል ንዴት ነው። በእሷ አይደለም። እያንዳንዳቸው ብልህ ሰዎች ናቸው። ስልጤው ዕቃ ሲገዛ አንድ ቲማቲም አያታልለውም። ዳኛው የስንት ሰው ሐዘን በሥርዓት ይዘው አሳልፈዋል። ሰብሳቢውም ቢሆን በቢሮው የሰው ማስረጃ አለመግጠሙን አይቶ ይመልሳል። ሚስቴን አላነሣም። አራቱም ለዚህች ሴት አዝነው፣ አራቱም በየፊናቸው ሊያቀሉላት አስበው፣ በአንድ ከሰዓት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ላይ አራት በሽታና አራት አድራሻ ጫኑበት። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይበቃ ነበር። እንኳን እውነት፣ ውሸትም መሰናዶ ይፈልጋል።

«አንተስ?» አለችኝ ባለሱቋ። «የትኛውን በሽታ ይዘህ መጣህ?»

«ምንም አልያዝኩም።»

አየችኝ። ያኔ አንዲት ሴት መጥታ የልብስ ሳሙና ጠየቀች። ባለሱቋ ሳሙናውን አውርዳ ሰጠቻት፤ የልጇን ጤንነትም ጠየቀቻት። ሴትየዋ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ስንት ጊዜ ለስንት ባለሥልጣን ያዘጋጀሁት ጥያቄ እንዲህ አጭር ሆኖ አያውቅም። ሞተ ወይ አላለችም። እሱን አራቱ ሰዎች ቀድመው ነግረዋታል።

«ነገ ስድስት ሰዓት» አልኩ። «መንደራችሁ። ያረፈው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው። ከአጎትሽ ልጅ አረጋግጫለሁ።»

የሚዛኑን ጠርዝ ያዘች። እኔ የለስላሳውን ሳጥን ወደ እሷ አስጠጋሁት፤ ውሃም ከመደርደሪያው አንሥቼ ከፈትኩ። የዳኛው ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«ኪኒንሽን ወስደሻል?»

«ወስጃለሁ። አይዞህ፣ አልወድቅብህም።»

ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ውሃውን ተጎነጨች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ተነሥታ የሻይ ቅጠሉን ጥቅል ከሚዛኑ ላይ አነሣች፣ የሱቁን የብረት በር ወደ ታች ሳበችው፣ ቆለፈችው።

«የት ናቸው?» አለችኝ።

የት እንዳሉ አውቅ ነበር። በብሎኮቹ መካከል ያለው የጋራ ቤት የእድሩ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ዳኛው፣ ሰብሳቢውና ስልጤው የድንኳኑን ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው ቀዳዳ እየፈለጉ ነበር፤ ለእሁድ መሆኑ ነው። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ገባን። ሦስቱም ቀና አሉ። ነጠላዋን አዩ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለቻቸው። «ወንድሜ አርፏል። እናንተ ገና አልሰማችሁም መሰለኝ።»

ቀጥሎ የሆነውን ዓይኔ ባያይ አላምነውም ነበር። ስልጤው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ያጽናሽ እህቴ» አለ። በዚያችው ቅጽበት ዳኛው «ማነው ያለሽ? ጠበል ነው እኮ ያለው፣ ትንሽ…» አሉ። ሰብሳቢውም «እግሩ እንጂ…» ብሎ ጀምሮ አፉን ያዘ። ሦስት ሰዎች፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትንፋሽ! እሷ ነግራቸው እንኳን ሊስማሙ አልቻሉም።

«ጋሼ» አለች ባለሱቋ ሻይ ቅጠሉን በእጃቸው እያስያዘች፤ «ይበቃል። መኪና ፈልጉልኝ።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። አስተያየታቸው አሁንም ትዝ ይለኛል። ወቀሳም ነበረበት፣ እፎይታም ነበረበት፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ከዚያ ወደ እሷ ቀርበው በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ያዙ። ያኔ ነው የጮኸችው። ድምጿ እስከ ላይኛው ፎቅ ተሰማ፤ ሴቶቹ ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ፤ ሚስቴም ከነሱ ጋር ነበረች፣ ማንም ሳይቀድማት አቀፈቻት። አልወደቀችም።

ስለ ዳኛው እውነቱን መናገር አለብኝ። ውሳኔያቸው በፈረሰ ጊዜ ለክርክር አንድ ቃል አላባከኑም። ስልካቸውን አወጡ። ከአደባባዩ አንድ ሚኒባስ አስመጡ፣ ማን እንደሚሳፈር ለዩ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃ፣ የእሷን ኪኒን ሳይቀር አስያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በቃሊቲ አድርገን ወደ ዓለም ገና መንገድ ይዘን ነበር። እሳቸው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው በየጊዜው ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩዋታል፤ «ደህና ነሽ?» ይላሉ። «ደህና ነኝ ጋሼ» ትላለች። ከእሷ ኋላ የተቀመጠው ሰብሳቢ መንገዱን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረም። እንዲህ ያለ ጸጥታው ሌላ ጊዜም ቢለመድ እመኛለሁ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ወንድሟን ቀበረች። አፈሩን በእጇ አነሣች፣ አለበሰችው። ከጉድጓዱ ሲመልሷት የአጎቷን ልጅ አልፋው ሄደች፤ ቀና ብላም አላየችውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለእኔ ጥሩ ነበር። ግን ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመልሰን ድንኳኑ ተጣለ። ቀዳዳው ተሰፍቷል። ከኮዬ ፈጬ፣ ከአቃቂ፣ ከየትም ለቅሶ ደራሽ ይመጣ ጀመር። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። አንዲት ከኮዬ ፈጬ የመጡ አሮጊት፣ የባለሱቋ የአገሯ ሰው፣ ቁጭ እንዳሉ ጠየቁ።

«ለመሆኑ እንዴት ተረዳሽ ልጄ? እንደ አባትሽ ደብቀውሽ ነበር?»

ዳኛው ሁለት ወንበር አልፈው ተቀምጠዋል። ሴትየዋ እንደ አገር ሰው ነው የጠየቁት፤ መልሱ ግን በሠፈሩ ሁሉ እንደሚዞር ዳኛውም፣ እኔም፣ ባለሱቋም እናውቃለን። መርዶ ያበላሸ የእድር ዳኛ ተብሎ መቅረት ለአንድ የባቡር ሰው ቀላል አይደለም።

«ኧረ አልደበቁኝም» አለች ባለሱቋ። «ዓርብ ከሰዓት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ቁጭ አድርገው፣ በሥርዓቱ ነገሩኝ።»

በሕይወቷ ሙሉ መደበቅን የጠላች ሴት እንዲህ ያለ ውሸት ሳታመነታ፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች። የተናደድኩት ግን በእሷ አይደለም፤ ቀጥሎ በመጣው ነው። ዳኛው ምስጋናቸውን መግለጫ ሌላ መንገድ አጥተው ነው መሰለኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አገዟት።

«አዎ፣ ንጋት ላይ፣ እንደ ደንቡ» አሉ።

«ማታ ነበር፣ ማታ» አለ ሰብሳቢው ከዳር፣ ሊረዳ ብሎ።

አሮጊቷ ሦስቱንም በየተራ አዩ። ከሰዓት፣ ንጋት፣ ማታ። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የአለቃዬ ቀይ እስክሪብቶ ታየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አብረው በልተው፣ አብረው ተሳፍረው፣ አብረው ቀብረው ሲያበቁ፣ ይህችን ለመነጋገር ጊዜ አላገኙም! ባለሱቋ ጭኗ ላይ ያለውን እጇን ታያለች። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ሐዘንተኛ ባትሆን ሳቅ እለው ነበር።

አሮጊቷ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። ጋዜጠኛ መሆኔን አንድ ሰው ሹክ ብሏቸው ነበር።

«አንተ ልጄ፣ አንተ ነበርክ አሉ። መቼ ነው የተረዳችው?»

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። እኔም ያለኝን ሁሉ መረመርኩ፤ የማውቀውን፣ ያረጋገጥኩትን፣ ሌሎቹ ያሉትንም።

«ከቀብሩ በፊት» አልኳቸው።

«ከቀብሩ በፊት» አሉ ዳኛው ቶሎ ብለው። ሰብሳቢውም ራሱን ነቀነቀ፤ ስልጤውም። ባለሱቋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እሱማ ዋናው ነው» አሉ አሮጊቷ፤ ንፍሮውን ተቀብለው መቆርጠም ጀመሩ።